ደንብ አርባ አንድ

ጥቅምት 6

ለአክስቴ ልጅ ለጠበቃው፤

ሰላምታዬ እንደ ድሮው ከደጅ እየጮኸ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራው፣ ብርዱ፣ ጉልበትህስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ማለቴ ትበላለች፣ ትነሳለች፣ ከጎረቤት ጋር ትጫወታለች። ደህና ማለት ይሄ ከሆነ ደህና ናት።

ስልክ ስደውልልህ ስለ አየሩ ታወራኝና ቶሎ ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብህ። ደግሞም የራሳችን ደንብ ነው፤ ከጠረጴዛው የራቀ ሰው ክርክሩን በጽሑፍ ያቀርባል። ያስጻፍከው አንተ ነህ፣ ኩፍኝ ይዞህ አልጋ ላይ በዋልክበት ሳምንት። ጠበቃ የሚለው ስም የወጣልህም ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ክፍሉን ቀለም ልናስቀባ ዕቃውን ስናወጣ ደብተሩ ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጣ፤ የጭጋጉ አገር ደብተር። ጀርባው ተገነጣጥሏል፣ ክሩ ላልቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው መጽሐፍ ስጠርዝ እየዋልኩ የገዛ ወንድሜን ደብተር እንዲህ ሆኖ ሳየው አፈርኩ። ወደ ሥራ ቤቴ ልወስደው ስል እማዬ ቀማችኝና "መጀመሪያ እኔ ላንብበው" አለች።

ጨዋታችንን መቼ ታውቀዋለች? ባለ ነጥቧን ዳይ ስንወረውር ቁማር እየመሰላት ስንት ጊዜ ከደጃፍ ሆና ጮኻብናለች! ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። አንዱ አገሩን ይተርካል፤ ተራኪዋ እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይይዛሉ፤ ጋሼ ፈረሰኛውን፣ አንተ ሌባውን። ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ተጫዋቹ ይናገራል፤ ይሳካለት አይሳካለት ዳዩ ይናገራል። ጠብ ሲነሳ ጋሼ የጻፈው የደንብ ደብተር ይዳኛል። እማዬ ሰማችኝና "ታዲያ ከጨዋታው ጭቅጭቁ ይበዛ ነበራ" አለች። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

ከዚያ ደንብ አምስት ላይ ደረሰች። "በደንብ ክርክር የተረታ ሰው ለጠረጴዛው የጎደለውን ወጥቶ ያመጣል።" ሦስት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች።

"ልጄ የዚያን ቀን እርሳስ ሊገዛ የወጣው ተረትቶ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"በየትኛው ደንብ?"

"በደንብ አርባ አንድ" አልኳት። አንተ ስትናገረው አሁንም ይሰማኛል፤ "ደንብ አርባ አንድ፦ ጭጋጉ ፋኖስ የያዘውን ሰው መጀመሪያ ይበላዋል።" አገላብጣ አገኘችው። ደንብ አርባ አንድ ግን "የተኛ ፈረስ አይሸጥም፣ አይሰረቅም" ነው የሚለው። ስለ ፋኖስ አንድም ቃል የለበትም።

ቁጥሩን ተሳስተህ ይሆናል። እስቲ አስታውስና የትኛው እንደሆነ ጻፍልን። እማዬ ሌላ ምንም አልጠየቀችም፤ "ልጄን ከቤት ያስወጣውን ቃል በዓይኔ ልየው" ነው ያለችው።

እህትህ ጠራዧ

---

ጥቅምት 29

ለውድ እህቴ፤

ይህ ደብዳቤ በደህና ቀን፣ በደህና ሰዓት እጅሽ ይግባ። ለእትዬ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እንዳልኳቸው ንገሪልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው የልብስ እጥበት ቤት ነው ያለሁት፤ የሆቴል አንሶላ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አጥፋለሁ። ባለፈው ወር ካውያ ክፍል አዛወሩኝ። እንፋሎቱ የሰውን ፊት እንኳን አያሳይም፤ ከጓደኞቼ ጋር የምንተዋወቀው በሳል ነው።

ስለ ደንቡ ጠይቀሽኛል። ሁለት ዓመት ሆነው እኮ እህቴ፤ ቁጥሩ በምን ይያዛል? እንደሚመስለኝ ጋሼ በተነጠለ ወረቀት ላይ የጻፈው ነበር። ደብተሩ መገነጣጠሉን አንቺው ጽፈሽልኛል፤ የሆነ ጊዜ ወድቆ ይሆናል። እስካሁን ካልጠረዝሽው ባለበት ተዪው። እንዲያውም ብትልኪልኝ እዚህ ሆኜ ረጋ ብዬ እፈልገው ነበር።

ደግሞ እትዬን በዚህ ነገር አታድክሚያቸው። የልጅ ጨዋታ ነው። ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ፣ መድኃኒትም ሆነ መነጽር፣ ጻፊልኝና እልካለሁ።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 12

ለጠበቃው፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ካውያውም እጅህን አይንካው። መነጽር አያስፈልጋትም። ባላት መነጽር በደንብ እያየች ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

የልጅ ጨዋታ አልክ? የሠላሳ ዓመት ሰዎች ነበርን! አንተ ስለ ጭጋጉ ከጋሼ ጋር ሦስት ሳምንት የተከራከርክ ሰው አይደለህም? እሱ "ጭጋጉ አውሬ አይደለም፤ መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች እስትንፋስ ነው፤ ብርሃን ሲያይ ሊከተለው ይመጣል እንጂ ሊበላ አይመጣም" ይላል። አንተ "ታዲያ ስድስተኛው መንደር ውስጥ ያለቁትን ሰዎች ማን በላቸው?" ትላለህ። እኔ መሃል ተቀምጬ ራሴን ይዤ እተርካለሁ። ያ ክርክር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ወረቀቱ ወድቆ ይሆናል ላልከው፣ ሥራዬ ነውና ልንገርህ። ደብተሩ ስምንት ጥራዝ ነው። እያንዳንዱ ጥራዝ ከመሃሉ የታጠፉ ስድስት ወረቀቶች ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ቅጠል ቢወድቅ በወዲያኛው በኩል ያለው ጓደኛው ብቻውን ቀርቶ ያሳብቃል። ሁሉንም ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የመርፌውን ቀዳዳ ሳይቀር ቆጠርኩ። ብቻውን የቀረ ቅጠል የለም። ደንቦቹም ከአንድ እስከ ስድሳ ስምንት ሳይዘሉ ተጽፈዋል። ከዚህ ደብተር ምንም አልወደቀም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። እማዬ ከምሳ በኋላ የጋሼ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀምራለች። ያ ወንበር ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እንግዳ እንኳን ሲመጣ ከኩሽና ሌላ እናመጣ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ተቀመጠችበትና ዳዩን በእጇ ይዛ "ፈረሰኛው የት ነው ያለው?" አለችኝ። አራተኛው ድልድይ ላይ ነው አልኳት። ተጫዋቹ ያልመጣ ሰው ባለበት ይቆማል እንጂ አይሞትም፤ ደንብ አሥራ ሁለት ነው። ዳዩን በመዳፏ አገላበጠችና "ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሞ እግሩን አላመመውም?" አለች።

ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት።

አሁን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። "ፋኖሱ በርቷል?" በርቷል እላታለሁ። "ጭጋጉ ቀርቧል?" ቀርቧል እላታለሁ። ከዚያ እሱ እንደሚያደርገው ዳዩን በሁለት እጇ አሽታ፣ እፍ ብላበት፣ ሳትወረውረው መልሳ ታስቀምጠዋለች። እፍ ማለቱን ማን አስተማራት? እኛ ስንጫወት እኮ እሷ ክፍሉ ውስጥ ገብታ አታውቅም። "ደንቡን ሳላይ አልወረውርም" ትላለች።

በሞቴ፣ ደንቡን ፈልግልን።

እህትህ

---

ጥር 3

ለውድ እህቴ፤

በመዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሁላችሁም በሰላም እንደከረማችሁ ተስፋ አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሥራ ብቻም አይደለም፣ ትንሽ አሞኝ ነበር።

ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ይዤው የመጣሁትን ሻንጣ ስበረብር ወረቀቱን አገኘሁት። የጋሼ ጽሑፍ ነው፤ ደንብ አርባ አንድ ተብሎ፣ ስለ ፋኖሱ። ቁጥሩን ሊያስተካክለው አስቦ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ለእትዬ አሳዪያቸው፣ ከዚያ ከደብተሩ ጋር ጠርዢውና ነገሩ ይለቅ።

ካውያ ክፍሉን ለቅቄ ወደ ማጠቢያው እንዲመልሱኝ ጠይቄያለሁ። ምክንያቱን ለአለቃዬ አልነገርኩትም፤ ላንቺ ልንገርሽ። ከረጅሙ ኮሪደር ጫፍ፣ እንፋሎቱ በሚወፍርበት ቦታ፣ አንድ መብራት የያዘ ሰው ይቆማል። ቀን በቀን ነው፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስሎኝ ነበር። ጠየቅኳቸው፤ በዚያ በኩል ግድግዳ እንጂ በር የለም አሉኝ። አይጠጋኝም፣ አይሄድም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። እኔም አንሶላውን ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማጥፈው።

የእንፋሎቱ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ለእትዬ እንዳትነግሪያቸው።

ወንድምሽ

---

ጥር 20

ለጠበቃው፤

እንደምን ሰነበትክ? አሞኝ ነበር ስትል ደነገጥኩ። ምግብ በሰዓቱ ብላ፣ አንገትህን ሸፍን።

ወረቀቱ ደርሷል። እማዬ በሁለት እጇ ተቀበለችው። አነበበችው፣ አጣጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። "ስለዚህ ደንብ ነበረ" አለች። የዚያን ቀን ከወትሮው የተሻለ በላች። እኔም ተመስገን አልኩ። ሳምንት ሙሉ ስለ ፈረሰኛው አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ልጠርዘው ተቀበልኳት። የጋሼን ደብተር ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት ታውቃለህ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሃያ አራት መስመር ነው ያለው። ያንተ ወረቀት ሃያ ሰባት አለው። ይሄ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሰው ካገኘው ወረቀት ላይ ይጽፋል። ጽሑፉም የእሱን ይመስላል፣ በጣም ይመስላል። ልጅ ሆነን የእሱን ፊርማ እያስመሰልክ የትምህርት ቤት ፈቃድ ትጽፍልን እንደነበር ግን ማሰብ ጀመርኩ።

ወስፌዬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አልጠረዝኩትም። እስቲ ንገረኝ፣ ሻንጣው ውስጥ የት ጋ አገኘኸው?

እህትህ

---

የካቲት 17

ለጠበቃው፤

ሰላምታ ካንተ ባይመጣም የእኔ ይምጣ። አራት ሳምንት ጠበቅኩህ። ስልኩንም አታነሳም።

እማዬ አውቃለች። እኔ አልነገርኳትም። ትናንት ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችውና "ይሄ ወረቀት ሳሙና ሳሙና ይላል" አለች። ከዚያ እንደ ጋዜጣ ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ደንብ ስምንትን አንብቢልኝ" አለችኝ። በቃሏ ታውቀዋለች እኮ፤ ግን ከእኔ አፍ መስማት ፈለገች። አነበብኩላት። "በሌለ ደንብ የተሰጠ ብይን እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ጨዋታው ከክርክሩ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። የጎደለውን ማምጣትም የሌለውን ደንብ በጠቀሰው ሰው ላይ ይሆናል።" ጋሼ ይሄንን የጻፈው ባንተ ምክንያት ነበር፤ አንድ ሁለቴ እጅ ከፍንጅ ተይዘህ ስንስቅብህ ነበር። ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልናገር፤ አንተን ብቻ ወንጀለኛ አድርጌ መቀመጥ አልችልም። የዚያን ቀን ደብተሩ ክርኔ ሥር ነበር። ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ ከፍቼ ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ጭቅጭቁ ሰልችቶኝ ነበር፣ "ጠበቃው ካለ አለ ነው" ብዬ ፈረድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክርኔን ሳነሳና ደብተሩን ስከፍተው በሕልሜ አያለሁ። ስከፍተው ገጹ ሁሉ ባዶ ነው።

እማዬ የምትጠይቅህን ልጻፍልህ፣ በራሷ ቃል። "ደንብ ነበረ ወይስ አልነበረም? እሱን ብቻ ይንገረኝ። ሌላውን እኔ አውቅበታለሁ።"

እህትህ

---

መጋቢት 25

ለእትዬና ለእህቴ፤

ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ ብዬ ልጀምር አሰብኩ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

እትዬ፣ ደንብ አልነበረም።

ከአፌ ነው ያወጣሁት። ጋሼ ፈረሰኛውን ፋኖስ አስይዞ አራተኛውን ድልድይ ሊያሻግር ሲል እንደገና ሊያሸንፈኝ መሆኑ ገባኝ። ሦስት ሳምንት ብከራከረውም ስለ ጭጋጉ ልክ የነበረው እሱ ነው፤ እኔም ይህን አውቅ ነበር። እልህ ያዘኝ። ቁጥር ጠራሁ። አርባ አንድን የመረጥኩት በፍጥነት ማንም የማያስታውሰው ቁጥር ስለመሰለኝ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእሱ ነገር ነው። ደብተሩን የጻፈው እሱ ነው። "አይደለም" ቢለኝ አበቃልኝ ነበር። ግን ጭንቅላቱን አከክ አደረገና "የጻፍኩትንም መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው፣ እርጅና መጣ" ብሎ ሳቀ። አመነኝ፣ እትዬ። ካፖርቱን ለበሰና "እርሳስ ሁለት ይበቃል?" አለኝ። "ሁለት ይበቃል" አልኩት። ያሸነፍኩ ሰው ነበርኩና እግሬን ጠረጴዛው ሥር ዘርግቼ ነበር። ከመስቀለኛው መንገድ የመኪናው ፍሬን ሲጮህ የሰማሁትም እንደዚያው ተቀምጬ ነው።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ "እርሳስ ሊገዛ ወጥቶ" ይል ነበር። ለምን እንደወጣ የጠየቀ የለም። ከዚያ በአራት ወሩ ሥራ ፍለጋ ነው ብዬ ሄድኩ። ሥራ ፍለጋ አልነበረም።

ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ካውያ ክፍል ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት። ስጽፍ ሰውየው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ማጠቢያው ቢመልሱኝም ተከትሎኝ መጥቷል። አሁን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ፋኖስ ይዟል። ጭጋጉ እንደማይበላ ራሱ ነው የነገረኝ፣ እኔ ነኝ ያላመንኩት። ግን ለምን ቆመ? ለምን አይሻገርም? ይሄንን ነው መቋቋም ያቃተኝ።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልጠይቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጴዛው ርቆ በጽሑፍ የሚጠየቅ አይደለም።

የእናንተው

---

ሚያዝያ 11

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እኔ አክስትህ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣልና ጽሑፌን አትናቅ። ልጄ እጽፍልሻለሁ ብላኝ ነበር፤ ተይ አልኳት።

ደብዳቤህን ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ነው ያስነበብኩት። በመጀመሪያው ጊዜ አጠገቤ ብትሆን አንገትህን አንቄ በያዝኩህ ነበር፤ አልዋሽህም። አልጋዬ ላይ ሦስት ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። አንተንም ረገምኩህ፣ እሷንም፣ ደብተሩንም፣ ያንን የመኪና ሹፌርም እንደገና። በአራተኛው ቀን ራበኝና ተነሳሁ።

ያንን ወረቀትህን ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ደብተሩ ተጠርዟል። ልጄ ቡናማ ልባስ አልብሳ፣ ጀርባውን አጠንክራ አምጥታልኛለች። እጇ የተባረከ ነው።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ተርኪልኝ አልኳት። ፈረሰኛው አራተኛው ድልድይ ላይ ነው አለች። ፋኖሱ በርቷል አለች። እኔም ደንብ ስምንትን ጠቀስኩ። በሌለ ደንብ የተሰጠ ብይን እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ልጄ አልተረታም። ክርክሩን ያሸነፈው እሱ ነው፤ ደብተሩም እንዲህ ብሎ እንዲጻፍበት አዝዣለሁ፣ ቀኑም ተጽፎበታል።

ከዚያ ዳዩን እፍ ብዬ ወረወርኩት። ስንት እንደመጣ አልነግርህም፤ ያየነው እኛ ነን። ፈረሰኛው ተሻግሯል። ጭጋጉም ተከትሎት ሄዷል፣ ልክ እሱ እንዳለው። በዚያች ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ነገር ሁለታችንም አውቀነዋል፤ አንነጋገርበትም። ወንበሩን ከጠረጴዛው ትንሽ ገፋ አድርጌ ተነሳሁ፣ ሰው ተነስቶ እንዲወጣ አድርጌ።

አሁን እዚያ ኮሪደርህ ጫፍ ላይ ሰው ካለ ልብ ብለህ እየው። የእኔ ልጅ አይደለም፤ የእኔ ልጅ ተሻግሯል። ድልድዩን ሳይሻገር እዚያ ጫፍ ላይ የቀረው ያንተ ሌባ ነው። ብቻውን ቆሟል። እሱን ማሻገር የእኔ ሥራ አይደለም፣ የእሷም አይደለም።

ይቅርታውን በጽሑፍ አልጠይቅም ብለሃል። እኔም በጽሑፍ አልሰጥም። ደንብ ስምንት ግን አላለቀም፤ የጎደለውን የሚያመጣው የሌለውን ደንብ የጠቀሰው ሰው ነው ይላል። ጠረጴዛው ላይ አሁንም እርሳስ የለም።

ሁለት ይበቃል። ይዘህ ና።

መስቀለኛው መንገድ ጋ ስትደርስ ግራ ቀኝህን ሳታይ እንዳትሻገር።

አክስትህ